ለአባቴ የሚለበስ ሮቦት ልግዛላቸው?

ጥያቄ፦ «አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደክሟል። ሰው ደግፏቸው ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ይሄዳሉ፤ ቀኝ እግራቸው ግን ይጎተታል። ቀኝ እጃቸው ዕቃ አጥብቆ አይዝም። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። ሽባ የነበረ ሰው የሮቦት እግር ለብሶ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቼ ከእህት ወንድሞቼ ጋር ገንዘብ ማዋጣት ጀምረናል። አንዱ ዓይነት ወደ 100 ሺህ ዶላር ነው ይላሉ። ሌላው ኦንላይን ከ2 ሺህ ዶላር በታች ይገኛል። የቱን ልግዛ? ለብሰውት ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መመለስ ይችላሉ? ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ለውጥ የለም ያሉንም አሉ።»

መልስ፦ ሁለቱንም አይግዙ። የ100 ሺሁም ሆነ የ2 ሺሁ መሣሪያ አባትዎ ላለባቸው ችግር አልተሠራም። ያዋጣችሁት ገንዘብ ግን ሥራ አለው። በአግባቡ ከዋለ አባትዎ ዛሬ ካሉበት የተሻለ ሊራመዱ ይችላሉ። ስድስት ወር ካለፈ አለቀ የሚባለውም ትክክል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው ፈጣን ለውጥ ይቀንሳል እንጂ ልምምድ ካለ መሻሻሉ ከዓመት በኋላም ይቀጥላል።

ከቪዲዮው ልጀምር። እንዲህ ባሉ ቪዲዮዎች የሚታየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ነው። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፤ ከወገቡ በላይ ግን ጠንካራ ነው። አንጎሉ ጤነኛ ነው። ሁለት እጆቹ ክራንች አጥብቀው ይይዛሉ። ሚዛኑን መጠበቅም ይችላል። የተቋረጠው ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው መስመር ነው። የአባትዎ ጉዳት ሌላ ነው። እግራቸውም ህብለ ሰረሰራቸውም አልተነካም። የተጎዳው ትዕዛዝ ሰጪው አንጎል ነው። ለዚህ ነው አንድ ጎን ብቻ የሚደክመው፣ እጅ አብሮ የሚሰንፈው፣ ሚዛን የሚዛባው። ለአንዱ የተሠራ መሣሪያ ለሌላው አይሆንም።

ከእነዚህ መሣሪያዎች በጣም የሚታወቀውን «ሪዎክ»ን እንይ። የፈለሰፈው እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በ1997 በደረሰበት አደጋ እጅና እግሩ ከተጎዳ በኋላ ነው ሥራውን የጀመረው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 ለግል መገልገያነት ፈቀደው፤ በዚያ አገር ከዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። ሞተሮቹ ዳሌና ጉልበት ላይ ናቸው። ለባሹ እጁ ላይ ሰዓት የሚመስል መቆጣጠሪያ ያስራል፤ መቆም፣ መሄድ ወይም መቀመጥ ብሎ ይመርጣል። ከዚያ ክራንቾቹን ከፊቱ ይተክልና ደረቱን በትንሹ ወደ ፊት ያዘነብላል። መሣሪያው ያንን ማዘንበል ያነብና አንዱን እግር አንስቶ ወደ ፊት ያደርሳል። ለባሹ ክብደቱን ወደዚያ እግር ያዞራል፣ ክራንቹን ያስቀድማል፣ እንደገና ያዘነብላል። እያንዳንዱ እርምጃ እንዲህ ነው።

ልብ ይበሉ፦ እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ነው፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን ሰውየው ነው፣ በሁለት ጠንካራ እጆች። አባትዎ ቀኝ እጃቸው ዕቃ አጥብቆ አይዝም ብለዋል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። ጎፈር ራሱ እጆቹ ስለተጎዱ የገዛ ፈጠራውን ለብሶ መሄድ አልቻለም። በኋላ ለእንደሱ ዓይነቱ ሰው አቁሞ የሚያንቀሳቅስ ዊልቸር ወደ መሥራት ዞረ።

«ብቻቸውን» ላሉት ደግሞ የአሜሪካው ፈቃድ ራሱ መልስ ይሰጣል። መሣሪያውን ቤት ውስጥ ለመጠቀም እንኳ ሥልጠና የወሰደ ረዳት አብሮ መኖር አለበት። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። የሚወድቅ ሰው ከነመሣሪያው ነው የሚወድቀው። ፍጥነቱም ቪዲዮ ላይ እንደሚመስለው አይደለም። በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች በእነዚህ መሣሪያዎች በአማካይ በሰከንድ 0.26 ሜትር እንደሚሄዱ አሳይቷል። 10 ሜትር ለመሄድ 38 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። አባትዎ ተደግፈው ሲሄዱ ከዚህ ቢፈጥኑ አይግረምዎት። ያለ ክራንች ራሳቸው ሚዛን የሚጠብቁም አሉ። የፓሪሱ «ዋንደርክራፍት» ኩባንያና የኒውዚላንዱ «ሬክስ» ሠርተዋቸዋል። እነሱ ግን ከባድና ዘገምተኛ ናቸው፤ እስካሁን ያገለገሉትም በአብዛኛው በክሊኒክ ውስጥ በባለሙያ ቁጥጥር ነው።

ይህን ስል ቴክኖሎጂውን ማናናቄ አይደለም። ለዓመታት ዊልቸር ላይ ለኖረ ወጣት ቆሞ የሰውን ዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ወታደሮች ወጪውን ይሸፍናል። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድንም ከ2024 ጀምሮ ወደ 91 ሺህ ዶላር ይከፍልበታል። የሰሙት የ100 ሺህ ዋጋ ከእውነት አይርቅም። ግን ይህ ሁሉ ለትክክለኛው ሰው ነው።

ርካሹ መሣሪያ ደግሞ ዳሌ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ነው። በሁለት ጎን ትንንሽ ሞተሮች አሉት፤ ጭኑን ወደ ፊት ያግዛል። የተሠራው ተራራ ለሚወጣ ጤነኛ ሰው ነው፣ በሕክምና መሣሪያነትም አይሸጥም። የሁለቱን እግሮች ምት አንብቦ ከዚያ ጋር እኩል ይገፋል። የአባትዎ ሁለት እግሮች ግን እኩል አይረግጡም፤ ግራው ሲፈጥን ቀኙ ይዘገያል። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ሰውን ዳሌው ላይ መግፋት አደጋ ነው። ደግሞም እግራቸው ይጎተታል ማለት አብዛኛውን ጊዜ ቁርጭምጭሚታቸው የእግር ጣታቸውን ወደ ላይ አያነሳም ማለት ነው። ቀበቶው ቁርጭምጭሚትን አይነካም። ችግሩ ታች፣ ሞተሩ ላይ።

እርጅና ብቻ ያደከማቸው፣ ያለ ሰው የሚራመዱ ግን ቶሎ የሚደክማቸው አረጋውያን ጉዳይ ለየት ይላል። በጃፓን ሆንዳ፣ በኮሪያ ሳምሰንግ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ቀለል ያሉ የዳሌ አጋዦች ሠርተዋል። ቢበዛ ድካም ይቀንሳሉ፤ መውደቅን ያስቀራሉ ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

ለስትሮክ ታማሚ የሚሆን ሮቦት ጭራሽ የለም ወይ? አለ። ግን የቤት ዕቃ አይደለም፣ የልምምድ መሣሪያ ነው። «ኤክሶ» የተባለው በ2016 በአሜሪካ ለስትሮክ ማገገሚያ ተፈቅዷል። በ2019 ደግሞ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምርምር የተወለደ፣ ብረት የሌለው፣ ባት ላይ እንደ ልብስ የሚታሰርና ቁርጭምጭሚትን በገመድ የሚስብ መሣሪያ ለማገገሚያ ክሊኒኮች ተፈቀደ። የጃፓኑ «ሃል» የፕሮፌሰር ዮሺዩኪ ሳንካይ ሥራ ነው። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ዳሳሾች ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚደርሰውን ደካማ ምልክት ያነብና እንቅስቃሴውን ያግዛል። ሦስቱም ዋና ቦታቸው ክሊኒክ ነው፤ ባለሙያው ያለብሳል፣ ያስተካክላል፣ ያወልቃል። ታማሚው ወደ ቤቱ የሚሄደው በገዛ እግሩ ነው።

የሚጠቅሙበት ምክንያት አንድ ነው፦ ድግግሞሽ። የተጎዳ አንጎል መራመድን እንደገና የሚማረው በብዙ ሺህ እርምጃ ነው። አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከባድ ታማሚን ደግፎ ያን ያህል ማስኬድ አይችልም፣ ወገቡ ይቆረጣል። ማሽኑ ይህን ይሸፍናል። ጥናቶቹን ያሰባሰበው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት ግምገማም የሚለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከፊዚዮቴራፒ ጋር የተጣመረ የማሽን ልምምድ ያለ ሰው የመራመድ ዕድልን ይጨምራል፤ በተለይ የሚጠቀሙት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ያሉና ጭራሽ መራመድ የማይችሉ ናቸው። አባትዎ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፣ እየተደገፉም ይራመዳሉ። ሁለቱም መለኪያ ላይ ውጭ ናቸው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርዎት። በ2011 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 408 የስትሮክ ታማሚዎችን አካቷል። አንዱ ወገን በማንጠልጠያ ተደግፎ በትሬድሚል (ባለበት በሚያስኬድ ማሽን) ላይ ተለማመደ። ሌላው ቤቱ ድረስ ፊዚዮቴራፒስት እየመጣለት የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ ሠራ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሆነ 36 ጊዜ። ከስትሮኩ ዓመት ሲሞላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት አረማመዳቸው አንድ ደረጃ ከፍ ብሏል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ልምምድ ውዱን መሣሪያ ተካክሎታል። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃ አላውቅም።

ስለዚህ ገንዘቡን እንዲህ አውሉት። ቤት ድረስ የሚመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቅጠሩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። እሱ በማይመጣባቸው ቀናት ደግሞ አባትዎ ያስተማራቸውን ይድገሙ። መጥቶ እጅና እግር አሽቶ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ማሸት ደስ ይላል፣ መራመድ ግን አያስተምርም። ጥሩ ባለሙያ አባትዎን ያስነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያስረግጣል፣ ያደክማል።

ከልምምዶቹ አንዷን እዚህ ልግለጻት፣ ምክንያቱም ዋናዋ እሷ ናት፦ ከወንበር መነሳት። ጠንከር ያለ፣ ክንድ ያለው፣ ዝቅ ያላለ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። አባትዎ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ ይበሉ። ሁለት እግራቸውን ከጉልበታቸው ኋላ ይሳቡ፤ የደከመውም እግር መሬት ሙሉ በሙሉ ይርገጥ። ከዚያ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪመጣ ወደ ፊት ያጎንብሱና ይነሱ። ሲቀመጡም ቀስ ብለው እንጂ ዘጭ አይበሉ። ለአንድ ዙር አምስትም ስድስትም ጊዜ ቢሆን ጥሩ ጅምር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በየተወሰነ ሰዓት ይደገም። ረዳቱ በደከመው ጎን ይቁም።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ አለኝ። አባትዎን ማንም ሰው በቀኝ ክንዳቸው ጎትቶ ወይም ብብታቸው ሥር ገብቶ አያንሳቸው። ከስትሮክ በኋላ ትከሻን የሚይዙት ጡንቻዎች ይላላሉ። ሲጎተት መጋጠሚያው ይወርዳል፤ ከዚያ የሚመጣው ሕመም እንቅልፍ ይነሳል፣ ልምምዱንም ያስቆማል። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ለመርዳት ይሽቀዳደማል፣ ብዙ ትከሻ የሚጎዳውም በዚሁ ደግ እጅ ነው። ወገባቸው ላይ ሰፊና ጠንካራ ቀበቶ ይታሰርና ረዳቱ እሱን ይያዝ።

ሌላም የደግነት ጉዳት አለ። እኛ ዘንድ አባት ሲታመም ውሃው፣ ጫማው፣ ምግቡ ሁሉ ያለበት ይመጣል። «አባዬ አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ» እንላለን። አክብሮት ነው፤ ግን ያልተጠቀሙበትን እግር አንጎል ይረሳዋል። ጠረጴዛ ድረስ ሄደው ይብሉ። ደግፋችሁ መጸዳጃ ቤት ድረስ ይሂዱ። ቀኝ እጃቸው ደካማ ቢሆንም ብርጭቆውን ይደግፍ።

ለሚጎተተው እግር መፍትሔው ቀላል ነው። ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ ከባት ኋላ ወርዶ ጫማ ውስጥ የሚገባ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ አለ። የእግር ጣት መሬት እንዳይስም ይይዛል። ባትሪም ሞተርም የለውም። ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ የሚሠሩ ማዕከላት አገር ውስጥ አሉ፤ በእግራቸው ልክ ይሠራላቸው። ከሜሪላንድ ገዝተው አይላኩ፣ ያልተለካ ድጋፍ ቆዳ ይልጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ማታ ሲያወልቁት ቆዳቸውን እዩ። ከ20 ደቂቃ በኋላም የማይጠፋ ቅላት ወይም ጥቁረት ካለ ይስተካከል። አብሮት ተረከዝ የሚይዝ ዝግ ጫማ ያስፈልጋል። ነጠላ ጫማ ለጊዜው ይቅር።

ምርኩዛቸው በደህናው እጃቸው፣ በግራው ነው የሚያዘው። ብዙ ሰው በደከመው ጎን ያስይዛቸዋል፣ ስህተት ነው። ቁመቱ ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእጅ አንጓቸው ድረስ ይሁን። መቋሚያ ለዚህ አይሆንም፤ ረጅም ነው፣ ክብደት ሲጫኑት ይሸሻል። ለቅዳሴ ይያዙት፣ ለመንገዱ ግን አይተማመኑበት። ቤቱንም እዩት፤ ተጣጥፎ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሳ፣ መጸዳጃው ዘንድ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይተከል። መቀመጫው የቁጢጥ ከሆነ ከላይ የሚቀመጥ ወንበር ይሠራ።

የሚያነሳቸው ሰው ወገቡን ካመመው በጃፓን ለተንከባካቢዎች የተሠሩ የወገብ አጋዦች እንዳሉ ይወቁ፤ ከመካከላቸው በእጅ ፓምፕ አየር የሚሞላ፣ ባትሪ የማይፈልግም አለ። ግን መጀመሪያ አነሳሱን ይማር።

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ዘመድ ኖሯችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የምታረጋግጡት አለ። ለዓመታት ያልተረገጠበት እግር አጥንቱ ይሳሳል። ሳይመረመር ሮቦት ለብሶ የቆመ ሰው ሊሰበር ይችላል። የታጠፈ ጉልበትና ቁስል ያለበት ቆዳም ይከለክላሉ። ሲቆሙ የደም ግፊት መውረዱም ይታይ። ጥገናውንም አትርሱ። በ2024 በአሜሪካ አንድ የቀድሞ የፈረስ ጋላቢ መሣሪያው ቆመበት፤ የተበላሸው በእጅ ሰዓቱ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለ የባትሪ ሽቦ ነበር። አምራቹ መሣሪያው ከአምስት ዓመት በላይ ስለሆነው አልጠግንም አለው። የተጠገነለት ጉዳዩ በሚዲያ ከተጮኸለት በኋላ ነው። ይህ የሆነው አምራቹ ባለበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሽቦው ቢበጠስ ማን ይጠግነዋል? ሻጩ ለዚህ የጽሑፍ መልስ ካልሰጠ አትክፈሉ። ትላልቅ የሊቲየም ባትሪዎችም በመንገደኛ ሻንጣ እንደ ልብ አይገቡም፤ ከ100 ዋት ሰዓት ሲያልፉ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለውጡን ለማወቅ በስሜት አትሂዱ። ኮሪደር ወይም ግቢ ውስጥ 10 ሜትር ይለካ። አባትዎ በተለመደ አረማመዳቸው ሲሄዱ አንድ ሰው በስልኩ ሰዓት ይያዝ፣ ሌላው አጠገባቸው ይሁን። በወር አንዴ ይበቃል። ከ25 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው አረማመዳቸው ገና ለቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ወርዶ እስከ 13 ሰከንድ ገደማ ከሆነ ሰፈር ውስጥ መውጣት ይችላሉ። ከዚያም ካነሰ ደጅ ወጥቶ ጉዳይ መፈጸም ይቻላል። ቤተ ክርስቲያኑን በዚህ መለኪያ አቅዱት፦ መጀመሪያ በመኪና እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ አውደ ምሕረቱ በእግር፣ እዚያ ወንበር ይጠብቃቸው።

ከሦስት ወር ልምምድ በኋላ ቁጥሩ ምንም ካልተነቃነቀ እንደገና ይመርመሩ። ሜሪላንድ ሊጠይቁዎት ከመጡ ደግሞ በሮቦት የሚያለማምድ ማገገሚያ ክሊኒክ ፈልገው ለተወሰኑ ቀናት ልምምድ ይክፈሉላቸው። መክፈል ያለብዎት ለልምምዱ ነው፤ መሣሪያውን መግዛት አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ግን በሚቀጥለው መንገደኛ በክንድ ላይ የሚታሰር ጥሩ የደም ግፊት መለኪያ ይላኩ። አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው ሁለተኛው ያሰጋዋል፤ ያ ከመጣ እስካሁን የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል። ግፊታቸው ከልምምድ በፊት ይለካና በደብተር ይጻፍ፤ ልምምድ የማይሠራበትን ቁጥር ሐኪማቸው ይንገራችሁ። ደህና ነኝ ብለው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ፊታቸው ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም አዲስ ድካም ከመጣ ነገ እናያለን አይባልም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል።